ለንደን በሦስት ቀን፦ ፊልም፣ ቴሌቪዥንና ላይቭ ሙዚቃ ሳያመልጣችሁ

ባለፈው ነሐሴ የአክስቴ ልጅ ከፍራንክፈርት መጣ። ስልኩ ላይ 19 ቦታ ጽፏል። ያለው ሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያው ጠዋት የእንግሊዙ ባንድ ቢትልስ «አቢ ሮድ» በሚለው አልበማቸው ሽፋን ላይ የተሻገሩበትን ዜብራ ሊያይ ብቻውን ወጣና ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወለ። «ጣቢያው ላይ አቢ ሮድ ይላል፣ ዜብራው ግን የለም» አለኝ። ከተማዋን አቋርጦ ምሥራቅ ለንደን ገብቶ ነበር። ማታ ደግሞ ኮንሰርት በር ላይ ትኬት እገዛለሁ ብሎ ሄደ፤ አልቋል አሉት። በሦስት ቀን ከ19ኙ አምስቱን አይቶ ተመለሰ።

እንዲህ ያለ እንግዳ ብዙ ተቀብያለሁ። ስህተታቸው አንድ ዓይነት ነው። ማንም የማይከለክላቸውን ቦታ፣ መንገድና ድልድይ ቀድመው ያቅዳሉ፤ ሰዓትና ወንበር ያለውን ነገር ለመጨረሻ ይተዋሉ። መሆን ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ትኬት፣ ከዚያ ማደሪያ፣ ከዚያ ነጻ ቦታዎች። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሰዓቱን አስተካክሉ

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ኮንሰርት ያመለጣቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ትኬቱ 19፡30 ካለ በእኛ ከምሽቱ 1፡30 ነው። 10፡30 ካለ ከረፋዱ 4፡30 ነው። እዚህ ጽሑፍ ላይ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ ትኬቱ ላይ የምታዩትን በቅንፍ አስቀምጣለሁ። ቀኑም እንዲሁ ያሳስታል። እንግሊዝ ውስጥ ቀን ይቀድማል፣ ወር ይከተላል። ከአሜሪካ የምትመጡ ልብ በሉ፤ 05/09 ማለት ሴፕቴምበር 5 እንጂ ሜይ 9 አይደለም። ትኬት በገዛችሁ ቁጥር ቀኑን የወሩን ስም ጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

## ደረጃ 1፦ የመግቢያ ፈቃድ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዛችሁ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ዱባይም ኑሩ ሮም፣ ለውጥ የለውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። የጀርመን ወይም የጣልያን የመኖሪያ ፈቃድ ሸንገን ውስጥ ያንቀሳቅሳል እንጂ ብሪታንያ አያስገባም። ማመልከቻው ከጉዞው ቀን በፊት ባሉት 3 ወራት ውስጥ ይቀርባል። አሻራ ከሰጣችሁ በኋላ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ሳምንት ውስጥ ይመጣል። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አትቁረጡ። ለእናንተ ደረጃ 2 የሚጀምረው ከቪዛው በኋላ ነው።

የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት ካላችሁ ቪዛ አያስፈልግም። ግን ከአየርላንድ ፓስፖርት በቀር ከ2025 ጀምሮ ኢቲኤ የሚባል የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ግዴታ ሆኗል። በስልክ መተግበሪያው ይሞላል፤ ቢያንስ ከ3 የሥራ ቀን በፊት አመልክቱ። አውሮፓውያን የሚይዟት መታወቂያ ካርድ አታስገባም፣ ፓስፖርት ያዙ።

> ተጠንቀቁ፦ ኢቲኤ ብላችሁ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ማስታወቂያዎች ናቸው። የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ይመስላሉ፣ የሚያስከፍሉት ግን ከመንግሥቱ ዋጋ በላይ ነው። አድራሻው በጎቭ ዶት ዩኬ የማያልቅ ከሆነ ውጡ።

ፓስፖርት ካደሳችሁ፦ ኢቲኤው ከአሮጌው ፓስፖርት ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ለአዲሱ እንደገና አመልክቱ።

## ደረጃ 2፦ ቀኑን ምረጡ

ሐሙስ ግቡ፣ እሁድ ውጡ። ምክንያት አለኝ። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት አምስት የምድር ባቡር መስመሮች ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ፦ ሴንትራል፣ ጁቢሊ፣ ኖርዘርን፣ ፒካዲሊና ቪክቶሪያ። የፖርቶቤሎ ገበያ የሚደምቀው ቅዳሜ ነው። የባቡር ሐዲድ ጥገና ደግሞ በአብዛኛው ቅዳሜና እሁድ ስለሚደረግ፣ ከከተማ የሚያስወጣውን ጉዞ ዓርብ ላይ ማድረግ ይሻላል።

## ደረጃ 3፦ መጀመሪያ ሙዚቃውን ቁረጡ

የሌላው ሁሉ ምሰሶ ይህ ነው። ለአንድ ትልቅ ምሽትና ለአንድ ትንሽ ምሽት ትኬት ያዙ።

1. ትልቁ ምሽት፦ ሮያል አልበርት ሆል። ከጁላይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ከመጣችሁ ፕሮምስ የሚባለው የሙዚቃ ወቅት ያገኛችኋል። ጥሩው ነገር የቁሙ ትኬት ነው። በ2025 ዋጋው 8 ፓውንድ ነበር። በዚያ ዋጋ ከ1871 ጀምሮ በቆመ አዳራሽ ውስጥ፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት ሙሉ ኦርኬስትራ ትሰማላችሁ። የዕለቱ የቁም ትኬት በዕለቱ ከረፋዱ 4፡30 (10፡30) ላይ በኢንተርኔት ይለቀቃል።

- ከአሥር ደቂቃ በፊት አካውንት ከፍታችሁ፣ የካርድ ቁጥራችሁን አስገብታችሁ ጠብቁ።
- ወረፋ ውስጥ ከገባችሁ ገጹን አታድሱ። ካደሳችሁ ወደ መጨረሻ ትወረወራላችሁ።
- ከሁለት ሰዓት በላይ ትቆማላችሁ። ሂል ጫማ ማደሪያ ይቅር።
- እግር የሚያማችሁ ከሆነ ከላይ ያለውን ጋለሪ ምረጡ። መድረኩ ይርቃል፣ ግን ወለሉ ላይ አረፍ የምትሉበት ቦታ አለ።

በሌላ ወር ከመጣችሁ አዳራሹ ፕሮግራም አያጣም። ያኔ የወንበር ትኬት ቀደም ብላችሁ ያዙ።

2. ትንሹ ምሽት፦ ሶሆ ውስጥ ጃዝ። ሮኒ ስኮትስ በ1959 የተከፈተ ክለብ ነው። ዋናው ዝግጅት ቶሎ ያልቃል፣ ዋጋውም ከበድ ይላል። ኪስ ካልፈቀደ ከዋናው በኋላ የሚቀርበውን የሌሊቱን ዝግጅት ተመልከቱ፤ ይረክሳል፣ ሙዚቀኞቹም ፈታ ይላሉ። እኔ እንዲያውም ሌሊቱን እመርጣለሁ። ሙዚቃ እየተጫወተ አይወራም። ስልክም ኪስ ውስጥ ይቆያል። እኛ ጠረጴዛ ላይ እየተጫወትን ሙዚቃ መስማት ስለለመድን ይህ ይከብዳል፣ ግን ከጎናችሁ ያለው ሰው የመጣው ለመስማት ነው። ሙላቱ አስታጥቄም ቦስተን ሄዶ በርክሊ ከመግባቱ በፊት እዚሁ ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ተምሯል። ኢትዮ ጃዝ የምትወዱ ከሆነ ይህን እያሰባችሁ አዳምጡ።

3. የእኛ ሰው ኮንሰርት ከገጠማችሁ። ከአገር ቤት ዘፋኝ ሲመጣ ፖስተሩን የሐበሻ ምግብ ቤቶች መስኮት ላይ ታዩታላችሁ። ፖስተሩ ላይ ያለው በር የሚከፈትበት ሰዓት ነው፤ ዘፋኙ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መድረክ ቢወጣ አይግረማችሁ። በማግሥቱ ጠዋት ምንም ነገር አትያዙ።

የ«በር» ሰዓት ማለት። በለንደን አዳራሾች ትኬት ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት (19፡00) ካለ ብዙ ጊዜ በሩ የሚከፈትበት ነው። ዋናው ባንድ የሚወጣው ወደ 3 ሰዓት (21፡00) አካባቢ ነው። የአልበርት ሆል የክላሲክ ዝግጅት ግን እንዲህ አይደለም። የተጻፈው ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ ካረፈዳችሁም ሙዚቃው እስኪያርፍ ውጭ ትቆማላችሁ።

ትኬቱ ካለቀ፦

- በመጀመሪያ የሸጠው ድረ-ገጽ ውስጥ የተመለሱ ትኬቶች ካሉ በየቀኑ አጣሩ። በተለይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ላይ ይወጣሉ።
- በዝግጅቱ ቀን ወደ አዳራሹ ትኬት መሸጫ ቢሮ ደውሉ።
- አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ከሚሸጥ ሰው አትግዙ። በቴሌግራም ስክሪንሾት የሚልክም ያው ነው። አንድ ኮድ ለአሥር ሰው ይሸጣል፣ ቀድሞ የገባው ብቻ ይገባል።

## ደረጃ 4፦ የሃሪ ፖተር ስቱዲዮ ጉብኝት

ልጆች ይዛችሁ የምትመጡ ይህን ከሙዚቃው እኩል አስቀድሙ። ፊልሞቹ የተሠሩበት ስቱዲዮ ያለው ለንደን መሃል ሳይሆን ዋትፎርድ አጠገብ፣ ሌቭስደን ነው። በር ላይ ትኬት አይሸጥም። ትምህርት በሚዘጋበት ወቅት ከወራት በፊት ያልቃል።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ 7 ሰዓት (13፡00) የሚገባውን ምረጡ። ጉብኝቱ አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

1. ከዩስተን ጣቢያ ወደ ዋትፎርድ ጀንክሽን የሚሄደውን ፈጣን ባቡር ያዙ፤ 20 ደቂቃ ገደማ ነው።
2. ከዚያው ጣቢያ የሚነሳው ላዮነስ የሚባለው መስመርም ዋትፎርድ ይደርሳል። ግን በየጣቢያው እየቆመ 50 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሰሌዳው ላይ የመድረሻ ሰዓቱን አወዳድራችሁ ግቡ።
3. ዋትፎርድ ጀንክሽን ስትደርሱ ከጣቢያው ውጭ የስቱዲዮው አውቶቡስ አለ። ትኬት ለያዘ ነጻ ነው፣ 15 ደቂቃ ይወስዳል።
4. ትኬታችሁ ላይ ካለው ሰዓት ቢያንስ 45 ደቂቃ ቀድማችሁ ዋትፎርድ ጀንክሽን ሁኑ።

ባቡሩ ከተሰረዘ፦ በላዮነስ መስመር ሂዱ። እየሄዳችሁ ለስቱዲዮው ደውላችሁ የትኬት ቁጥራችሁን ንገሩ። ዝም ብሎ አርፍዶ ከመድረስ ቀድሞ መናገር ይሻላል።

## ደረጃ 5፦ የቴሌቪዥን ቀረጻ ላይ ታዳሚ መሆን

ይህን የሚያውቅ እንግዳ ጥቂት ነው፣ ያሳዝነኛል። የኮሜዲ፣ የጥያቄና መልስና የውይይት ፕሮግራሞች ሲቀረጹ ታዳሚ ይፈልጋሉ። ትኬቱ ነጻ ነው። ቢቢሲ የራሱ የታዳሚ ገጽ አለው፣ ለሌሎቹም ታዳሚ የሚሰበስቡ ድርጅቶች አሉ። ተመዝገቡ፣ ቀን ምረጡ፣ ጠብቁ።

ሦስት ወጥመድ አለው።

አድራሻው። ቢቢሲ ብዙ ፕሮግራም የሚቀርጸው ማንቸስተር አጠገብ ሳልፎርድ ነው። ከለንደን በባቡር ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ሌሎች ስቱዲዮዎች ደግሞ ከለንደን ውጭ፣ ቦረምዉድና ሜድስተን ናቸው። ፖስታ ኮዱን ካርታ ላይ ሳታዩ «አዎ» አትበሉ።

ትኬት ወንበር አይደለም። አዘጋጆቹ የሚቀር ሰው እንደሚኖር ስለሚያውቁ ከወንበሩ በላይ ትኬት ይሰጣሉ። ቀድሞ የተሰለፈ ይገባል። ከተጻፈው ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ተሰለፉ። ውሃና ጃንጥላ ያዙ።

ርዝመቱ። ግማሽ ሰዓት የሚተላለፍ ፕሮግራም ለመቅረጽ ሦስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። አቅራቢው ይሳሳታል፣ ይደግማል፣ እናንተም ያንኑ ቀልድ ሁለተኛ ጊዜ ትስቁለታላችሁ። በዚያው ምሽት ኮንሰርት አትያዙ። ለዚህ የሚመቸው ሐሙስ ነው።

ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያዙ፣ የዕድሜ ገደቡን አንብቡ። ብዙዎቹ ከ16 ወይም ከ18 ዓመት በታች አያስገቡም።

ካልገባችሁ፦ አታምርሩ። ወደ ሌስተር ስኩዌር ሂዱና የሐሙሱን መንገድ (ደረጃ 7) ቀጥሉ።

## ደረጃ 6፦ ማደሪያና ካርድ

ማደሪያ በዩስተንና በኪንግስ ክሮስ አካባቢ ፈልጉ። የዓርቡ ባቡር እግራችሁ ሥር ይሆናል፣ ሶሆም ሩቅ አይደለም።

ለትራንስፖርት ንክኪ የሚቀበል የባንክ ካርድ ካላችሁ ሌላ ካርድ አትግዙ። ከሌላችሁ ኦይስተር ካርድ ጣቢያ ላይ ይሸጣል። አውቶቡስ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም።

- አንድ ሰው፣ አንድ ካርድ። ባልና ሚስት በአንድ ካርድ አይገቡም።
- ጠዋት በስልክ ከነካችሁ ቀኑን ሙሉ በስልክ ንኩ። ካርዱ ያው ቢሆንም ስልኩንና ፕላስቲኩን ለየብቻ ይቆጥራቸዋል፣ በቀን ከዚያ በላይ የማይቆረጥባችሁ የክፍያ ጣሪያም ይፈርሳል።
- ባቡር ላይ ስትገቡም ስትወጡም ንኩ። ሳትነኩ ከወጣችሁ ከፍተኛው ዋጋ ይቆረጣል። አውቶቡስ ላይ ስትገቡ ብቻ ነው።

ቻርጀራችሁ ባለ ሦስት ጥርስ መሰኪያ ይፈልጋል። ትኬቱ ሁሉ ስልክ ውስጥ ስለሆነ ፓወር ባንክ ያዙ። ትኬቶቹን ቤት ሳላችሁ አውርዱ፣ አዳራሽ በር ላይ ኔትወርክ ይጠፋል።

ቦርሳ ትንሽ ይሁን። ብዙ አዳራሽ ከኤፎር ወረቀት የሚሰፋ ቦርሳ አያስገባም።

## ደረጃ 7፦ ሐሙስ

ቀረጻ ካገኛችሁ ቀኑ የእሱ ነው። ካላገኛችሁ ወይም ቀደም ብሎ ካለቀ ሌስተር ስኩዌር ውረዱ። አደባባዩ ላይ የፊልም ገጸ ባሕርያት ሐውልቶች ተበትነዋል። ሚስተር ቢን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ለእናንተ ቦታ ትቶላችኋል። በኢቲቪ እያየነው ላደግን ሰዎች ይህ ፎቶ ይገባል። ስልካችሁን ለማታውቁት ሰው አትስጡ፤ ቤተሰብ ላለው ሰው «እናንተን ላንሳ፣ እናንተ እኛን አንሱን» በሉት።

## ደረጃ 8፦ ዓርብ

1. ከጠዋቱ 2 ሰዓት (8፡00) ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ሁኑ። ከሃሪ ፖተር ታሪክ የተወሰደው ግድግዳው ውስጥ የገባ ጋሪና 9¾ የሚለው ምልክት ያለው አዳራሹ ውስጥ ነው፣ የባቡር ትኬት አያስፈልግም። ባለሙያው ፎቶ ያነሳችኋል፣ እሱን መግዛት ግዴታ አይደለም። በራሳችሁ ስልክ በነጻ ማንሳት ትችላላችሁ። ከረፋዱ 4 ሰዓት (10፡00) በኋላ ወረፋው ይረዝማል።
2. ወጥታችሁ ጎረቤቱን ቀይ ጡብ ሕንፃ እዩት። ሴንት ፓንክራስ ነው። የሃሪ ፖተር ፊልም ላይ ከውጭ ኪንግስ ክሮስ ተብሎ የሚታየው እሱ ነው።
3. በዩስተን ሮድ ወደ ምዕራብ 20 ደቂቃ ገደማ በእግር ሂዱ፣ ኖርዝ ጋወር ጎዳና ቁጥር 187 ላይ ቁሙ። የቢቢሲው መርማሪ ሼርሎክ በር ይህ ነው። ሁሉም ሰው መጽሐፉ ላይ ሼርሎክ ይኖርበታል ወደተባለው ቤከር ጎዳና ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ሙዚየም ነው፣ ተከታታይ ፊልሙ የተቀረጸው እዚህ ነው። ሰው የሚኖርበት መንገድ ነውና ድምፅ ቀንሱ።
4. ወደ ዩስተን ተመለሱ፣ ደረጃ 4ን ተከተሉ።
5. ማታ ሶሆ፣ ጃዝ። ስትመለሱ ኖርዘርን መስመር ሌሊት አለ።

## ደረጃ 9፦ ቅዳሜ

አሁን ወደ ዜብራው። መውረጃችሁ ሴንት ጆንስ ዉድ ነው፣ ጁቢሊ መስመር። አቢ ሮድ የሚለው ጣቢያ ምሥራቅ ለንደን፣ ስትራትፎርድ አጠገብ ነው። ስሙን ካርታ ላይ ብቻውን አትጻፉ፤ «አቢ ሮድ ስቱዲዮስ» ብላችሁ ጻፉ። የአክስቴ ልጅ የተሳሳተው እዚህች ጋ ነው።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት (7፡00) ድረሱ። በኋላ ከሄዳችሁ መንገዱ በመኪናና በሰው ይሞላል። ቢትልስ በኦገስት 8 ቀን 1969 እዚህ ሲሻገሩ ፎቶ አንሺው መሃል መንገድ ላይ መሰላል ቆሞለት ነበር፤ ፖሊስም መኪና አቁሞለታል። ለእናንተ ማንም አያቆምም።

- መኪና እዚህ በግራ ይነዳል። መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ።
- አንሺው ከእግረኛ መንገድ ዳር ይቁም፣ መሃል መንገድ አይግባ።
- አንዴ ተሻገሩ፣ ስልኩ በተከታታይ ያንሳ፣ በቃ። ሾፌር ጡሩምባ ካስጮኸ ሂዱለት፤ ሥራ የሚገባ ሰው ነው።
- ሕፃን ልጅ እጁን ሳትይዙ አታሻግሩ።

ስቱዲዮው ውስጥ ጎብኚ እንደልቡ አይገባም። አጥሩ ላይ ከመላው ዓለም የመጣ ሰው ስሙን ጽፏል። ባለፈው ስሄድ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አንድ ስም አየሁ። የማን እንደሆነ አላወቅሁም፣ ግን ቆሜ አነበብኩት።

ከዚያ በጁቢሊ ወደ ቦንድ ስትሪት፣ በሴንትራል ወደ ኖቲንግ ሂል ጌት። ፖርቶቤሎ መንገድን ቁልቁል ሂዱ። ኖቲንግ ሂል የሚባለው የ1999 ፊልም ሰማያዊ በር ዌስትቦርን ፓርክ መንገድ ቁጥር 280 ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው በር ተሽጧል፣ የምታዩት ሌላ ነው። ሰው የሚኖርበት ቤት ስለሆነ ደረጃው ላይ አትቀመጡ። ገበያው ውስጥ ግፊያ ስላለ ስልክና ቦርሳ ወደ ፊት ይሁን።

ከረፋዱ 4፡30 (10፡30) ሲደርስ ካላችሁበት ቁሙ። የፕሮምስ ትኬት የምትገዙት አሁን ነው። እዚያ አካባቢ ዋይፋይ ያለው ካፌ ገብታችሁ ተቀመጡ እንጂ ገበያ መሃል ሆናችሁ አትሞክሩ።

ማታ ከኖቲንግ ሂል ጌት 52 ቁጥር አውቶቡስ በቀጥታ አልበርት ሆል ያደርሳችኋል። ከምሽቱ 12፡30 (18፡30) ላይ እዚያ ሁኑ። መብላት ያለባችሁ ከዚያ በፊት ነው። የሚጾም ካለ አይጨነቅ፣ ቪጋን የሚል ምልክት ያለበት ምግብ ሁሉም ቦታ አለ።

ስትወጡ ሁሉም ሰው ወደ ሳውዝ ኬንሲንግተን ጣቢያ ይጎርፋል። አሥር ደቂቃ ታገሡና ውጡ። ፒካዲሊ መስመር ሌሊቱን ሙሉ አለ።

እሁድ ጠዋት ከማደሪያችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ወደ አየር ማረፊያ የሚወስዳችሁ መስመር ጥገና ላይ አለመሆኑን ስልካችሁ ላይ አጣሩ። ከተዘጋ ሰሌዳው ምትክ መስመሩን ይነግራችኋል፤ ለዚያ አንድ ሰዓት ጨምሩና ሻንጣችሁን ጎትቱ።